ቆርቆሮ የጠየቀው ምድጃ

«እማዬ፣ አባባ በቅሎዋ ላይ ያለ ኮርቻ የሚቀመጡት ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ አስካለ፣ ያን ጊዜ እንዲህች ብላ፣ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። «ኮርቻው ኩሽና ገባ» አልኳት።

ሳቂ፣ ሳቂ አስካለ፣ አንቺው ነሽ የጠየቅሽኝ። ደግሞ እውነቴን ነበር። እናንተ ዛሬ ኩሽና እናድስ ብላችሁ የቧንቧው ዋጋ፣ የላቫንዲኖው ዋጋ እያላችሁ ፊታችሁን ታጠቁራላችሁ። በእኛ ጊዜ፣ ጣሊያን ዲላ ላይ በነበረ ጊዜ፣ አንድ የብረት ምድጃ ቤታችን መጥቶ ያደረገውን ብታዩ ምን ልትሉ ነበር?

አባታችሁ ከሸዋ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ጨውና አቡጀዲ ይሸጣሉ፣ ጀንፈል፣ ያው ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ይገዛሉ። ታዲያ አንድ ጣሊያን ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ሊሄድ ነውና የቤቱን እቃ ይሸጣል ሲባል ሰሙና ሄዱ። ሲመለሱ የሁለት አህያ ጭነት ጀንፈል ሰጥተው አንድ የብረት ምድጃ በሰው አሸክመው መጡ። ጥቁር ነው፣ እግር አለው፣ በር አለው፣ ሆዱ የተነፋ። እና ጣሊያኑ እንዴት እንደሸጠላቸው ራሳቸው እያስመሰሉ ያሳዩኛል፤ ክዳኑን ጧ! ያደርጉና «ቦኖ! ቦኖ! ሲኞራ ኮንቴንታ!» ይላሉ።

«ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ሚስትህ ደስ ይላታል ማለት ነው፣ አስተርጓሚው ነግሮኛል።»

«እኔን መች አየኝና?»

ምድጃው በኩሽናው በር አልገባ አለ። ጅግሶ የሚባል ቤት ሠሪ፣ የወናጎ ሰው፣ ጌዴኦ ነው፣ ተጠራና መቃኑን ነቀለ፣ ግድግዳውን አፈረሰ። ገባ። እና ብንለኩሰው ጭሱ በአፉም በጎኑም ወጣ፣ ተያይዘን ስናለቅስ ዋልን። ለካ የጭስ ቱቦ አለው! አባታችሁ ወደ ጣሊያኑ ሮጡ። «ቱቦው ለብቻ ነው» አላቸው። ያ ቱቦ ነው ኮርቻውን የበላው።

ታዲያ ጅግሶ ቱቦውን ይዞ ቆመ፣ ቱቦውን ያያል፣ የሳር ጣራውን ያያል፣ ደግሞ ቱቦውን ያያል። «እትዬ» አለኝ፣ «ይሄ ቱቦ በሳሩ ውስጥ ከወጣች፣ ቤቱ ትቃጠላለች።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?» አሉ አባታችሁ።

«ቆርቆሮ ነዋ!»

ቆርቆሮ! በዚያ ጊዜ ቆርቆሮ ማን አለው? የጣሊያን ሹሞችና አንድ ጎረቤታችን ነጋዴ ብቻ። የጎረቤታችን ቆርቆሮ ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር አባታችሁን ይሰድባቸው ነበር መሰለኝ፣ ሲንኳኳ ፊታቸው ይለወጣል።

ሁዳዴ ነበር። ከቅዳሴ መልስ እህል ስንቀምስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የምልሽ፣ ጾም አይደል? ወተት የሚጠጣ የለም። ላሟ በከንቱ ትበላለች። እንሽጣትና ቆርቆሮ እንግዛ፣ ኩሽናው ለፋሲካ ይደርሳል።»

አያችሁ፣ አስካለ ከኩፍኝ ገና መነሣቷ ነው፤ አንገቷ እንደ ክር፣ ከወተት በቀር ሆዷ ምንም አይቀበል።

«ጾሙ የእኔና የእርስዎ ነው እንጂ የአስካለ ነው እንዴ?» አልኩ። «ምን ላጠጣት ነው? ቱቦውን?»

«ልጅ እንደሆነ ያድጋል።»

«በምን?»

እኔም «እመቤቴ፣ አንቺ አውቀሽ አድርጊው» ብዬ በልቤ፣ ገበታውን አነሣሁ።

ከዚያ ከብት ነጋዴው ከይርጋ ጨፌ መጣ። ላሟን ይዳብሳል፣ ጥርሷን ያያል፣ ጡቷን ይነካል። እና እንግዳ ፊት ባልን መጣላት ነውር ነው፣ ታዲያ ወደ ጅግሶ ዞርኩና ቀስ ብዬ፣ «ጅግሶ፣ ቆርቆሮው ከተገዛ በኋላ ምድጃው የሚጠይቀው ሌላ ነገር አለ?» አልኩት።

«አለ እንጂ፣ እትዬ። ቆርቆሮ በዚህ ማገር ላይ አይቆምም። እንጨቱ መለወጥ አለባት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ግድግዳው ጠማማ ነው። እሷም ትፈርሳለች።»

«ከዚያስ?»

ወደ ትልቁ ቤታችን አየና ራሱን አከከ። «ኩሽናው ቆርቆሮ ለብሶ ጌታው ሳር ቤት ቢተኛ፣ ሰው ማንን ጌታ ይላል?»

ከብት ነጋዴው የላሟን ጭራ ለቀቀና ሳቀ። «አቶ ተሰማ፣ ላሟን ለእኔ ሸጡ እንበል፤ በቅሎዋንና ሱቁን ደግሞ ለማን ሊሸጡ ነው?»

አባታችሁ ቀሉ። እኔን አዩኝ፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። በመጨረሻ «ታዲያ ይህን ብረት ምን ላድርገው?» አሉ፣ ድምፃቸው ልክ እንደ ልጅ።

«ደጅ ይውጣ» አልኩ። «ሰማይ ቱቦ አይፈልግም፣ ቆርቆሮም አይጠይቅ።»

«ደጅ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ኩሽና ውስጥ ቢሆን መች ያየው ነበር? አሁን መንገደኛው ሁሉ ያይልዎታል!»

ጅግሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ከብት ነጋዴው ምርኩዙን አንሥቶ ባዶ እጁን ወደ አገሩ ሄደ። ምድጃውም በገባበት ወጣ፣ ከእንሰቱ ሥር ተተከለ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አስካለ ሳትነቃ፣ ላሟን አለብኩ። ምድጃውን ከእንሰቱ ሥር ለኮስኩት፤ እውነት ለመናገር እሳቱ ጥሩ ነበር፣ ጣሊያኑ አልዋሸም። ወተቱን ጣድኩ። አባታችሁ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ፣ ሽታው ሲመጣባቸው አፍንጫቸውን ያዙ፤ ሁዳዴ ነው፣ ሆዳቸው ባዶ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። እኔም ነጠላዬን አጣፋሁና ማንኪያውን በእጃቸው አስጨብጬ፣ «እንዳይገነፍል ይጠብቁልኝ» ብዬ ኪዳን ላደርስ ሄድኩ።