የእናቴ ደረት ድምፅ

የሐኪም ዘዴው መሣሪያው ላይ ነው ወይስ ሰው አያያዙ ላይ? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬአለሁ። ቁስቋም ሰፈር ሳለን እናቴ በሳልና በትኩሳት ልትሞትብኝ ሆነ። ሐኪም ቢመጣም፣ "ደረቴን ለወንድ አልገልጥም" ብላ አሻፈረኝ አለች። ሐኪሙ አልተቆጣም። የደረት ማዳመጫውን እኔ ጆሮ ላይ ሰካልኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"እኅቴ፣ ጀርባዋ ላይ አድርጊው። ምን ይሰማሻል?"

"ጨው እሳት ላይ ሲንጣጣ" አልኩት በሹክሹክታ።

"ሸጋ! የቱ ጋ?"

"በስተቀኝ፣ ከታች።"

"ምነው፣ ይች ዓይናፋር ልጄ ሐኪም ሆና አረፈችው!" አለች እናቴ እያሳለች።

ሐኪሙ ሕመሙ የሳንባ መሆኑን ተረድቶ ክንዷ ላይ መርፌ ወጋት። ዳነችልኝ፤ እግዜር ይስጠው። ዘንድሮ የሕክምና ትምህርቴን ጨርሼ ትክል ድንጋይ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። አያ ደምሴ የሚባሉ ገበሬ "ለሴት ልጅ ገላዬን አላሳይም" ሲሉኝ፣ ማዳመጫውን ለሚስታቸው ሰጥቼ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው ለማዞር ወሰንኩ።