ሐሩንና የዘገየው ኳስ

አሶሳ ውስጥ ትንሽ የፕሌይስቴሽን ቤት አለችኝ። አንድ ጊዜ አሮጌውን ቴሌቪዥን በትልቅ ጠፍጣፋ ቀየርኩትና ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን አልቆየም። ልጆቹ «ቁልፉን ከተጫንን በኋላ ኳሱ ዘግይቶ ነው የሚመታው» እያሉ ከፊት ለፊቴ ወዳለው ወደ ሐሩን ጌም ቤት ሄዱ። ገመዱን ቀየርኩ፣ ጆይስቲኩንም ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ራሴንና ልጄን የማኖረው በዚያች ቤት ነውና ጨነቀኝ። በመጨረሻ «የሚሸጥ ቴሌቪዥን» ብዬ በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ማስታወቂያውን አይቶ መጀመሪያ የገባው ራሱ ሐሩን ነው። ጭንቀቴን አይቶ በርካሽ ሊወስደው መጣ ብዬ ፊቴን አጠቆርኩበት። እሱ ግን «ሪሞቱን ስጠኝ» አለኝ። የቤርታ ልጅ ነው፤ አማርኛ ሲያወራ እኔን ሴቷንም ሆነ ወንዱን «አንተ» ነው የሚለው። የቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ለጨዋታ የሚሆነውን «ጌም ሞድ» አበራና «አሁን ተጫወት» አለኝ። ቁልፉን ገና ስነካው ተጫዋቹ ኳሷን ለጋት!

«ቴሌቪዥን ደህና ነው» አለኝ። «ምስሉን ለማሳመር ሲለፋ ነው የዘገየው።»

«ልጆቹ ወደ እኔ ቢመለሱስ?» አልኩት፣ እንባዬ እየመጣ።

«ይመለሱ። እኔ በፊት ደህናውን ቴሌቪዥን ተበላሸ ብዬ ሸጥኩ። የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።»

«እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ» አልኩት። ዛሬም ደጃፉ ላይ ቆሞ ባየሁት ቁጥር ውስጤ ይህንኑ ይላል።