ወተት የማያጥበው አቧራ

አቶ ሂርጳ አቃቂ በሰቃ ካለ አንድ ወተት ቤት ደጃፍ ብርጭቆ እንደያዙ ሳል አጣደፋቸው። ሠላሳ ዓመት የወፍጮ ድንጋይ ሲወቅሩ ኖረዋል። ሥራ በጨረሱ ቁጥር ወተት ይጠጣሉ፤ አቧራውን ከደረት ጠርጎ ያወርዳል ይባላላ! ዛሬ ግን ሳሉ አልለቅ ብሏቸው ግድግዳ ተደገፉ።

በዚያ ስታልፍ የነበረችው የጎረቤታቸው ልጅ ማህሌት ሮጣ ደገፈቻቸው። ጤና ጣቢያ ውስጥ ጤና መኮንን ናት።

«ጋሼ፣ እንዲህ ካደረገዎ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ብርድ ነው ልጄ። ወተቴን ስጨርስ ይተወኛል።»

«ወተቱ እኮ የሚወርደው ሆድ ውስጥ ነው። አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ፤ የት ይገናኛሉ?»

አቶ ሂርጳ ተቆጡ፤ የፈራ ሰው ቁጣ ይቀናዋል። «አባቴም ወቃሪ ነበር፤ ሰማንያ ዓመት ኖሯል!»

«እሳቸው በመዶሻ ነበር የሚወቅሩት። የእርስዎ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ድንጋዩን ዱቄት አድርጎ ያበንነዋል።»

«ታዲያ ሰውነት ራሱን አይከላከልም?»

«ይከላከላል፤ ጣጣውም እሱ ነው። ሳንባችን ውስጥ ከተወለድን ጀምሮ ያሉ ጠባቂ ሕዋሳት አሉ። ጀርም ሲያገኙ ውጠው ያሟሙታል። የድንጋዩንም ብናኝ ይውጡታል፤ ድንጋይ ግን አይሟሟም፤ እነሱ ናቸው የሚሞቱት። ሲሞቱ የሚለቁት ነገር ሌሎቹን ይጠራል፤ የመጡትም ያንኑ ብናኝ ውጠው ይሞታሉ። እንዲህ እየተቆጣ የሚኖር ሳንባ ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳ ደግሞ አየር አይቀበልም።»

አቶ ሂርጳ ብርጭቆውን አስቀመጡ። አምና የቀበሩት የሥራ ባልደረባቸው ወልደሰንበት ትዝ አላቸው። መተኛት አቅቶት ተቀምጦ እያደረ፣ «መስኮት ክፈቱልኝ» እያለ ይለምን ነበር። መስኮቱ ግን ክፍት ነበር።

«እኔም እንደሱ ልሆን ነው?»

ማህሌት ማባበል አልወደደችም። «ሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ይችላል፤ ነገ ይምጡ፣ አክታዎ ይመርመር፣ ራጅ ይነሱ። ጠባሳ ከሆነ አይመለስም። ከአቧራው ከራቁ ግን የቀረዎትን ትንፋሽ ያተርፋሉ።»

«እንጀራዬስ?»

«ሙያውን ያስተምሩ። ድንጋዩ በውሃ ይራስ፣ በመዶሻ ይወቀር፤ ሠራተኛው ደህና ማስክ ያድርግ፣ ሻሽ አይበቃም።»

አቶ ሂርጳ ስልካቸውን አወጡና አብሯቸው ለሚሠራው ለቃልቤሳ ደወሉ። በስልኩ ከወዲያ የግራይንደሩ ጩኸት ይሰማል።

«አጥፋውና ደጅ ውጣ!»

«ጋሼ፣ ግማሽ አድርሼዋለሁ እኮ!»

«ውጣ አልኩህ! ወልደሰንበትን የገደለው አቧራው ነው!»

ከዚያ ወዲህ አቶ ሂርጳ ከአቧራው ርቀው ሙያውን ያስተምራሉ፤ እነሱ ዘንድም ድንጋይ ሳይርስ አይወቀርም። ሥራው አንድ ቀን ይረዝማል፤ ቃልቤሳ ግን አያስልም። የአቶ ሂርጳ አክታ ነቀርሳ አልተገኘበትም፤ ራጁ ግን ጠባሳ አሳይቷል፤ ሐኪሙ በዓመቱ አይቶ አልባሰም ብሏቸዋል። እሳቸው ግን አሁንም ይፈራሉ። ወደ ቤታቸው የሚወስደውን ዳገት ሲወጡ ስንቴ ቆመው እንደሚያርፉ ይቆጥራሉ። እስካሁን ከሁለቴ አላለፈም።