«ሁለት ነው» ያለችው ልጅ

ጡረታ የወጣው ግንበኛ ሙቅ ውሃ ሊቀዳ ፔርሙሱን ይዞ ከሆስፒታሉ ክፍል ሲወጣ፣ ከነርሷ ጋር በሩ ላይ ሊላተሙ ምንም አልቀራቸው። የልጅ ልጁ የተጣመመው የጀርባ አጥንቷ በቀዶ ሕክምና ከተቃና ሦስተኛ ቀኗ ነው።

«አባቴ፣ እንኳን አገኘሁዎት» አለች ነርሷ። «ሕመሟ ከአሥር ስንት እንደሆነ ስጠይቃት ሁሌ ሁለት ነው ትለኛለች። ግን በደንብ አትተነፍስም፤ እንነሳ ስላትም እምቢ ትላለች። ሁለት የሆነ ሕመም እንዲህ አያደርግም።»

ሽማግሌው ደረቱን ነፋ። «የኔ ልጅ ጀግና ናታ! እኔ ከግንብ ላይ ወድቄ እጄ ሲሰበር ጥርሴን ነክሼ ነው የቻልኩት። ደግሞስ ያ መድኃኒታችሁ ሱስ ቢሆንባት?»

ወይ ጉድ! ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲጠርብ ስለኖረ ልጅም የሚጠረብ መስሎታል።

«መስጋትዎ ደግ ነው» አለች ነርሷ፣ ከበሩ ንቅንቅ ሳትል። «ግን መድኃኒቱ በክብደቷ ተለክቶ፣ እየተከታተልናት ነው የሚሰጣት። ሲሻላት ቀስ በቀስ ቀንሰን እናቆመዋለን። ሕመሙን ፈርታ በደንብ ካልተነፈሰች ግን ሳንባዋ ይታመማል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዝምታዋ ለእርስዎ ኩራት ነው፤ እሷን ግን እየጎዳት ነው።»

«አንቺ ልጅ! በዚህ ሽበቴ ልታስተምሪኝ ነው?»

«አዎ፣ አባቴ። ቢቆጡም ይቆጡ።»

ደሙ ፈላ። ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ከአልጋው በኩል ድምፅ መጣ።

«ዘጠኝ ነው!»

ሁለቱም ዞሩ። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል።

«ከትናንት ጀምሮ ዘጠኝ ነው። አንተ ስላለህ ነው ሁለት ያልኩት። ጀግና መሆን ሰልችቶኛል፣ አባባ! ከፈለግህ ተቆጣኝ።»

ሽማግሌው ክው አለ። ልጅቷን ሲያሰቃያት የዋለው ቁስሏ ብቻ ሳይሆን የእሱ ሙገሳም እንደነበር ገባው፤ በጣም አፈረ።

«ታዲያ ምን ያቆምሻል?» ብሎ ነርሷ ላይ ጮኸ። «መድኃኒቷን ስጫት እንጂ!»

ነርሷ ሰጠቻት። ሕመሙ እስኪብስ ሳይጠበቅ በተወሰነለት ሰዓት መውሰድ እንዳለባት፣ ከመነሳቷ በፊትም አስቀድሞ እንደሚሰጣት አስረዳችው። እሱም እንደ ተማሪ አንድ በአንድ ደገመላት። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች፣ በጎኗ ዞረች፣ ተደግፋም ቆመች። የመጀመሪያውን እርምጃ ስትራመድ ግን «ወይኔ ጀርባዬን!» ብላ ክፍሉን አናጋችው።

የጎን አልጋ ታማሚ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። «ይህን የምታህል ልጅ እንዲህ ትጮሃለች እንዴ?»

«ትጩህ!» አለ ሽማግሌው፣ ክንዷን እንደያዘ። «ያመማት እሷን ነው። መፍራት የነበረብንስ ዝም ብላ የተኛች ጊዜ ነበር።»