ከሩቅ የመጣች መምህርትና የኦዲያ መልስ

ሰው በማታ ቢደክመው ያባት ነው፤ በጠዋት ደክሞት ማየት ግን ያሳዝናል። አባ ባፈናን ያገኘኋቸው በጠዋት ነው። ከሃይፋ ወደብ የጥበቃ ሥራቸው ወጥተው፣ በባሕረ ሰላጤው መናኸሪያ አግዳሚ ወንበር ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አውቶቡሳቸው መጥቶ ሄደ፤ እሳቸው ግን አልተነሡም።

እኔ ጎንደር ሳለሁ አስተማሪ ነበርሁ። እዚህ እስራኤል ደግሞ ወላጅና ትምህርት ቤት ሲነጋገሩ በመካከል ተቀምጬ አስተረጉማለሁ። ሁለቱም ወገን የሚቆጡት በእኔ ላይ ስለሆነ ሥራው ያደክማል። ግን እንጀራ ነው፤ ደግሞም ምክር የመስጠት አመሌ ስላልለቀቀኝ ይስማማኛል።

«እንደምን አደሩ አባ ባፈና?» አልኋቸው።

«እግዜር ይመስገን፤ ማደር ከተባለ አደርን። ይቀመጡ መምህር።»

ተቀመጥሁ፤ እሳቸውም ያስቀመጣቸውን ሐሳብ አወሩኝ። የልጃቸው የጌድዮን ልጅ ኦዲያ አንደኛ ክፍል ናት። አባትና እናቷ በፈረቃ ስለሚሠሩ ያደገችው አብዛኛውን በአያቷ እጅ ነው። የክፍሏ መምህርት ኦርታል፣ በዕብራይስጡ አጠራር ሞራ ኦርታል፣ ሁልጊዜ የምትናገረው አንድ ነገር ነው፤ ልጅቱ ስትጠየቅ አትመልስም። «ገባሽ?» ስትባል ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች፤ ትንፋሽም ያጥራታል። ለትንፋሹ የሳንባ ሐኪም ዘንድ ተወስዳ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ታዝዞላታል። ለዝምታው ግን መድኃኒት ስላልተገኘ በቅርቡ ቫዓዳ፣ ማለትም ኮሚቴ፣ ተሰብስቦ ወደ ኪታ ክታና ያዛውራት እንደሆነ ሊወስን ነው። ኪታ ክታና ትምህርት የከበዳቸው ልጆች ተለይተው የሚማሩበት ትንሽ ክፍል ነው። ሲገቡበት ያየኋቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ ሲወጡ ያየኋቸው ግን ጥቂት ናቸው።

«ቤት ውስጥ ቁጥሩንም ፊደሉንም ታነበንብልኛለች» አሉ። «እዚያ ስትገባ ምን እንደሚይዛት እንጃ። ለምን አትመልሺም ብዬ ተቆጣኋት። እመልሳለሁ ትለኛለች። ታዲያ መምህርቷን ዋሾ ልበል?»

ብዙ አያት እንዲህ ብሎኛል፤ ብዙ ኮሚቴም የፈለገውን ወስኗል።

ይህን ስንጫወት ሴት ልጃቸው ይፋት ቦርሳዋን አንግታ ደረሰች። ይፋት ከአባቷ ጋር የምትኖር፣ በክርያት ቢያሊክ ከተማ የምታስተምር ወጣት ናት። አባ ባፈና ሲያዩአት ሁለተኛው ሐሳባቸው ተነሣባቸው። የእሷ ትምህርት ቤት በስዊድን፣ በፖላንድና በፖርቱጋል ካሉ ትምህርት ቤቶች ጋር ጓደኝነት ገጥሟል። መምህራኑ ተራ በተራ አንዱ ወዳንዱ አገር እየሄዱ፣ የሌላውን ክፍል ተቀምጠው አይተው ይመለሳሉ። አሁን አንዲት የስዊድን መምህርት ልትመጣ ነው፤ የምታርፈውም እነ ይፋት ቤት ነው። በጸደይ ደግሞ ይፋት ወደዚያ ትሄዳለች።

«ልጄ፣» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «የወንድምሽ ልጅ ከክፍሏ ልትወጣ ነው፤ አንቺ የስዊድንን ልጆች ለማየት ትሰናጃለሽ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ አይደለም?»

«አባ፣ እኔ ክፍሌን ሁልጊዜ ከሰሌዳው በኩል ቆሜ ነው የማየው። እሷ መጥታ ከኋላ ትቀመጥና የማላየውን ታይልኛለች። እኔም ሄጄ ለሷ እንደዚያው። ዜሁ፣ በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

«ልጅን የሚያውቅ አብሮት የዋለ ነው። ለአንድ ሳምንት የመጣ እንግዳ ምን ያውቃል? እኛን ቄሱ ሲያስተምሩን ከሌላ አገር ቄስ መጥቶ ከኋላችን አልተቀመጠም፤ ጸሎቱን ግን አልሳትንም።»

«አብሮ የዋለ ይለምዳል አባ። የለመደ ደግሞ መስማቱን ይተዋል።»

«እኔ ሁሉንም እሰማለሁ» አሉ። «ሰምቼ ሰምቼ ነው የደከመኝ።»

ይፋት ወደ እኔ ዞር አለች፤ እንዳግዛት ነበር። እውነቱን ለመናገር ልቤ ግማሹ ከአባትየው ጋር ነበር። ልዑካን የሚባሉ ሰዎች መጥተው ከልጆቻችን ጋር ፎቶግራፍ ተነሥተው ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ከሄዱ በኋላ የተለወጠ ነገር አላየሁም። ስለዚህ የተማረ ሰው ሲቸገር የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ አልሁ። ሁለቱም አልተደሰቱም።

አባ ባፈና ግን እንግዳ መመለስ ነውር መሆኑን ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። «ትምጣ» አሉ በመጨረሻ። «ቤቴ እንግዳ መልሶ አያውቅም። ወደዚያ መሄድሽን ግን አሁን እሺ አላልሁሽም። የኦዲያ ነገር ሳይለይለት ሂጂ የምልበት አፍ የለኝም። መምህር፣ እርስዎም ለሰንበት ምሳ ይምጡልኝ፤ ከፈረንጅ ጋር ፊት ለፊት ብቻዬን አታስቀምጡኝ።»

በሰንበት ሄድሁ። ማይብሪት የምትባለው እንግዳ ጠና ያለች፣ ረጅም፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ሳምንቱን በይፋት ክፍል ከኋላ ተቀምጣ ሰንብታ፣ በማግስቱ ወደ አገሯ ልትመለስ ነበር። እሷም ደክሟታል፤ አስተማሪ በየትም አገር አስተማሪ ነው። የምትናገረው በእንግሊዝኛ ሲሆን ይፋት ለአባቷ በአማርኛ፣ ለኦዲያ በዕብራይስጥ ታስተረጉምላታለች። አባ ባፈና ከሰንበት ዳቦው ትልቅ ትልቅ እየቆረሱ ከፊቷ ይከምራሉ፤ እሷም እምቢ ማለት እንዴት እንደሆነ ሳታውቅ ትበላለች። «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪገባ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «አሳዘነችኝ።»

ኦዲያ ከአያቷ ጎን ተቀምጣለች። እንግዳዋ ወደ እሷ ጎንበስ አለችና ዳቦውን ትወጂዋለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ይፋት አስተረጐመች። ኦዲያ እንደ ጨዋ ልጅ ዓይኗን ዝቅ አደረገች፤ ትንፋሿንም አጭር አድርጋ ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ይህ ለእኛ አዎ ማለት ነው። ማንኛችንም ልብ አላልነውም።

ይፋት መልሱን ለማስተርጐም አፏን ሳትከፍት እንግዳዋ ራሷ ትንፋሿን ሳብ አደረገች፤ ልክ እንደ ልጅቱ። ሌላ ቁራሽም አነሥታ ሰጠቻት።

አባ ባፈና እጃቸው በዳቦው ላይ ቀረ። «ምን ሆነች? እሷም ያማታል እንዴ?» አሉ።

ይፋት ጠየቀቻት፤ ማይብሪትም ስታስረዳ ቆየች። እሷ በተወለደችበት በሰሜን ስዊድን ሰው አዎ ሲል አፉን አይከፍትም፤ ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል እንጂ። በአገሯ ይህን የሚያስተውል የለም። እሷም ራሷ አታውቀውም ነበር። ወደ ፖርቱጋል ለዚሁ ጉብኝት የሄደች ጊዜ ግን እዚያ ያለች መምህርት ባወራቻት ቁጥር ደንግጣ ውሃ ታመጣላት ነበር፤ የታመመች መስሏት ነው። ሰው ያልሰማው መልስ ምን ያህል እንደሚያደክም ያን ጊዜ ነው የገባት።

ይፋት ፊቷ ተለወጠ። ወደ ኦዲያ ዞራ፣ «ሞራ ኦርታል ገባሽ ስትልሽ ምንድን ነው የምትመልሺው?» አለቻት።

ኦዲያ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

«እንዲህ ብለሽ?»

«ኬን» አለች ልጅቱ፤ አዎ በዕብራይስጥ። «ሁልጊዜ እመልሳለሁ። ሞራ ግን ደግማ ደግማ ትጠይቀኛለች። ከዚያ ትተወኛለች።»

እኔ በበኩሌ አፈርሁ፤ ስንት ዘመን አስተምሬ፣ ስንት ወላጅ አስተርጉሜ፣ ይህች ትንፋሽ ለሌላ ሰው እንደማትሰማ አንድ ቀን አላሰብሁም። እኛ ቤት መልስ ናት፤ ክፍል ውስጥ በሽታ ሆነች። ለዚች ትንፋሽ ነው ልጅቱ ሐኪም ዘንድ የተመላለሰችው።

አባ ባፈና የኦዲያን ራስ ዳበሱና፣ «እኔም ተቆጥቻታለሁ» አሉ። «እየመለሰች፣ መልሺ ብዬ።» ቀጥለውም፣ «ወደቡ ላይ አለቃዬም ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሚጠይቀኝ። በሩን ዘጋህ? ይለኛል፤ እመልስለታለሁ፤ ደግሞ በሩን ዘጋህ? ይለኛል። ሲንቀኝ ነው እል ነበር። ስንት ዓመት ቂም ይዤበት፣ ለካ አልሰማኝም።»

«እኔም አባ» አለች ይፋት፤ እንባዋ መጥቷል። «የራሴ የወንድሜ ልጅ፣ እኔ መምህርት ሆኜ፣ አልሰማኋትም።»

«አንቺማ አብረሻት ኖርሽ። እኔ ነኝ አብሮ የዋለ ያውቃል ያልሁሽ። እኛ ሰምተን ዝም አልን፤ የለመድነው ነዋ። መምህርቷ ደግሞ ሰምታ አላወቀችውም። ይህን ለማየት ከወዲያ በኩል የሚመጣ ዓይን ያስፈልግ ኖሯል።»

ከዚያ እንግዳዋን በአማርኛ መርቀው ረጅም ዕድሜ ተመኙላት። እሷም ሳይተረጐምላት ትንፋሿን ሳብ አደረገች፤ ኦዲያ ሳቀች። አባ ባፈና ግን ወዲያው ሌላ ነገር አሰቡ። ሞራ ኦርታልን እቤታቸው ማምጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቁን።

«አባ፣ እኔም የምሄደው ለዚሁ እኮ ነው» አለች ይፋት።

«እንግዲያውስ ከኔ ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ ከስዊድኑ ይረዝም ኖሯል። በእግር የሚሄዱበት፣ ግን አንድም ሰው ያልሄደበት።»

ይህ አነጋገር ከብዙ ስብሰባ ይበልጥብኛል። አንባቢ ሆይ፣ መምህር ወደ መምህር መሄዱ ለሽርሽር የሚመስለው ካለ ይህን ያስብ። እንግዳ አዲስ እውቀት በሻንጣ ይዞ አይመጣም፤ የሚጠቅመን ስላልለመደን ነው። ሄዶ የተመለሰም በራሱ ቤት ጥቂት ቀን እንግዳ ይሆናል፤ በዚያች ጥቂት ቀን ውስጥ ያየውን ካስተካከለ ድካሙ ዋጋ አገኘ። ካላስተካከለ ግን ፎቶግራፍ ነው።

ሞራ ኦርታል መጣች። ወደ ማታ፣ ከክፍሏ ወጥታ፣ ዓይኗ ከድካም ቀልቶ ነው የመጣችው። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ልጅቱን ሐኪም ይያት ያለችው አዝና ነበር። ከክፍሏ ልጆች ብዛት የተነሣ ጮክ ብሎ የማይናገር ልጅ እንደሚያመልጣት ሳትደብቅ ነገረችን። አያትና ልጅ ሲነጋገሩ ተቀምጣ አየች። አባ ባፈና ኦዲያን አንድ ነገር በጠየቋት ቁጥር ትንፋሿ ሳብ ይላል፤ እሳቸውም ይቀጥላሉ። ኦርታል እጇን አፏ ላይ አደረገች። ስትወጣ ደረጃው ላይ ስለባከነው ዓመት ይቅርታ ጠየቀች፤ አባ ባፈና፣ «ዓመቱን ማን ይመልስላታል? ከዚህ በኋላ ያለውን ስጫት» አሉ፤ እኔም እንዲሁ አስተረጐምሁላት።

ቫዓዳው የተሰበሰበ ዕለት እኔ በአስተርጓሚነት ተቀምጫለሁ። ሰብሳቢዋ ፈጣን ሴት ናት፤ በዚያ ቀን ብዙ ልጅ አይታለች። ይፋትና ኦርታል የሆነውን አስረዱ፤ እሷም አዳምጣ አላመነችም አልተቃወመችም። ከዚያ ወደ ኦዲያ ዞረችና፣ ከክፍልሽ ልጆች ጋር መቆየት ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

አያትየው ኮፍያቸውን ጨበጡ። ኦዲያ ዓይኗን ዝቅ አደረገች፤ ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

ሰብሳቢዋ ጠበቀች። ከዚያ ጥያቄውን ልትደግም ስትል፣ እኔ ለማስተርጐም ሳልደርስ ኦርታል ቀደመችኝ።

«መልሳለች» አለች። «ደግመሽ አትጠይቂያት።»

ኦዲያ ክፍሏ ውስጥ ቀረች።

ስንመለስ ከአባ ባፈና ጋር አንድ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርን። ከሥራ ወጥተው ሳይተኙ ነበር የመጡት፤ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ ሳይወስዳቸው አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃቸው ፈለግሁ።

«አባ ባፈና፣ እንግዲህ ይፋት ስዊድን ትሂድ?»

ዓይናቸውን ሳይገልጡ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። እኔም ደግሜ አልጠየቅኋቸውም።