ለጎማ መራጯ የመረጥነው ጎማ

ወዳጆቼ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁት ድንቹን ብሉ፤ እኔን ብትጠብቁ ይቀዘቅዝባችኋል። ጊስሌን፣ አንቺ ተቀመጪ። ዛሬ የምታነሺው ጎማ የለም። መጋዘኑን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከትቼዋለሁ።

ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር። ጠዋት ነው። በሩ ተከፈተና አንዲት ቀጭን ሴት ዝናብ ያራሰው ካፖርት ለብሳ ገባች። ውጭ ያቆመቻት ነጭ ቫን ለዳቦ ማመላለሻ እንጂ ለሌላ ነገር አትሆንም። እኔ ያኔ ከሊዬዥ ከተማ እስከ ድንበሩ ድረስ ከእኔ ከኡርቤን የሚበልጥ ጎማ ሻጭ የለም ብዬ አምን ነበር። ሁለት ብርጭቆ ብጠጣ አሁንም አምናለሁ። ሴትዮዋን አፏን ሳትከፍት ያዝኳት። ይህ አጠገባችን ላለው የመኪና እሽቅድምድም ትራክ የተሠራ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ኩርባ ላይ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል፣ ጥርስ የሌለው ሊሾ የሆነውም ለዚሁ ነው እያልኩ አስረዳኋት። ለዚያች ቫን መሆኑን አትርሱ። እሷ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ አውራ ጣቷን ጎማው ላይ ጫን አድርጋ፣

«ጥሩ ጎማ ነው። ማታ ዳገቱ ላይ ሲዘንብ ግን በምን እመለሳለሁ?» አለች።

እኔ ጎማውን አገላበጥኩ።

«ግድ የለም፣ አስብበት። ካፖርቴን የት ልስቀል? ዛሬ ሥራ የምጀምረው እኔ ነኝ።»

ይኸው እስከ ዛሬ እያሰብኩበት ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጊስሌን ሌላ ጣጣ አመጣችብን። ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ ከየአገሩ መኪናውን እየነዳ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ጎማ ስትመርጥ የኖረችው ይህች ሴት፣ አንድም ቀን ትራኩ ውስጥ ገብታ ነድታ አታውቅም። እኔና ወጣቱ ጎሚስታችን ሬማክል አንድ መኪና በክሪክ አንሥተን ቸርኬ እየፈታን ሳለ መጣችና፣ የሽኝቴ ማግስት ትራኩ ለሕዝብ የሚከፈትበት የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነው አይደል፣ በቫኔ እገባለሁ አለች። ሬማክል መፍቻውን እግሩ ላይ ጣለው። እሷ ቀጠለች።

«ጎማውን እናንተ ምረጡልኝ። በሽኝቴ ማታ ንገሩኝ። ልክ ከሆናችሁ በሰላም እሄዳለሁ። ከተሳሳታችሁ ጡረታ የለም፤ ሰኞ ካፖርቴን እሰቅላለሁ።»

እኛ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። የወንድሟ ሚስት ዙልማ፣ ይቺ እዚህ አጠገቧ የተቀመጠችው፣ በኋላ ለብቻዬ ነገረችኝ። ጊስሌን የጡረታ ቀኗ ከታወቀ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ቤት መቀመጡን አይደለም የፈራችው። ማታ ደንበኞቹ የሚወጡበትን ያንን በር ለእኛ ትታ መሄዱን ነው። ስለዚህ እኔ ዛሬ ንግግር ላይ አይደለሁም፤ ፈተና ላይ ነኝ። መልሱን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ። እስከዚያው ፊቷን እያያችሁ አትገምቱ፤ ፊቷ ምንም አይናገርም፣ እኔ ሞክሬዋለሁ።

ዙልማን ካነሣሁ አይቀር የአየር ትንበያችንን ልንገራችሁ። ደንበኞቻችን ጠዋት ይገባሉ፣ ሁሉም ስልካቸውን አውጥተው ደመና ያሳያሉ። አንዱ ይዘንባል ይላል፣ አንዱ አይዘንብም ይላል። የእኛ ትራክ እንደሆነ አንዱ ጫፉ ፀሐይ ሲሞቅ ሌላው ጫፉ ይታጠባል። ጊስሌን ማንንም አትሰማም። ከኮረብታው ወዲያ ለምትኖረው ለዙልማ ትደውልና አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃታለች፤ ልብስሽን አስጥተሻል ወይ? ካሰጣች የደረቅ ጎማ፤ ካላሰጣች ጥርሱ ጥልቅ የሆነው። አንድ ቀን ዙልማ ታማ ተኛች፣ እኛም ጎማ መምረጥ አቅቶን እስከ ረፋድ ሰማይ ስናይ ቆየን። ከብራስልስ የመጣ አንድ ደንበኛ ምን እየጠበቅን እንደሆነ ቢጠይቀኝ፣ አንዲት ሴትዮ ከአልጋ እስክትነሣ ነው አልኩት። ሰውየው ከአጠገቤ ራቅ አለ።

አነዳዷንስ? ጊስሌን ከፊታችሁ ካለች ትራክተር ነው የሚቀድማችሁ። ባለፈው መስከረም ከኋላዋ ተሰልፈን ስንከተል የመንደሩ ሰው ቀብር መስሎት ቆቡን አወለቀ። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው ነገ ትራክ የምናስገባው።

ኖተሩን፣ ያንን ውል አዋዋዩን፣ ታስታውሱታላችሁ። ዛሬ የለም እንጂ ቸኮሌቱን ልኮላታል። አዲስ መኪና ገዝቶ፣ የመጀመሪያ ቀኑን ሊነዳ መጥቶ፣ ከሁሉ ለስላሳውን ጎማ አምጡ አለ። በምን እንደሚመለስ ጠየቀችው። በዚሁ መኪና ነው አለ፣ ሌላ በምን?

«እንግዲያው ጎማውም አብሮዎት ይመለሳል። በሊሾ ጎማ፣ በዝናብ፣ በቅዝቃዜ፣ ሊዬዥ ድረስ።»

«ወይዘሮ፣ የምከፍለው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ገንዘብዎን እኔ እወስደዋለሁ። እርስዎን ግን መንገዱ ይወስድዎታል።»

አልሸጠችለትም። መኪናውን በተጎታች ጭኖ ለሚመጣ ሰው ግን የፈለገውን ያህል ለስላሳ ትገጥምለታለች፤ ያ ሰው ማታ የሚመለሰው በሌላ ጎማ ነዋ። ለጀማሪ መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ያለህ ጎማ ይበቃሃል። ጎማ ለመሸጥ ደመወዝ የሚከፈላት ሴት ናት ይህን የምትለው። የአለቃችንን ፊት አሁን ተመልከቱት፤ ያኔም እንደዚሁ ነበር።

አሁን ቀልዴን ለጊዜው ላስቀምጠው። ልጄ ሲዶኒ እዚያ በመስኮቱ በኩል ናት። ይህን እንደምናገር አልነገርኳትም፤ ብነግራት አትመጣም ነበር።

ሲዶኒ ትራክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትነዳ የመጣች ቀን አባቴ ጎሚስታ ነው ብላ ደረቷን ነፍታ ነበር። ሊሾውን ነው የምፈልገው አለች። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ለመግጠም ቸርኬውን ጨብጬ ነበር፤ ልጄ ጠይቃኝ እምቢ ማለት አልችልበትም። ጊስሌን ከወዲያ ሆና፣

«ኡርቤን፣ አስቀምጠው» አለች።

«አክስቴ፣ ሁሉም ሰው እኮ ያንን ነው የገጠመው» አለች ሲዶኒ።

«ያንቺ ጎማ ይጮኻል?»

«ኩርባ ላይ በጣም ይጮኻል። ያሳፍራል።»

«የሚጮኸው እየመከረሽ ነው። በቃኝ፣ ከዚህ በላይ አልይዝም ይልሻል፣ አንቺም ትቀንሺያለሽ። ያኛው ዝም ብሎ ይሸከምሽና ሲሰለቸው ሳይናገር ይጥልሻል። መጀመሪያ ከሚናገረው ተማሪ።»

ልጄ አኩርፋ ገባች። የሚጮኸውን ጎማዋን እየነዳች፣ ሁሉ ሰው እየቀደማት ዋለች። ከትራኩ በወጣች ቁጥር ጊስሌን ጎንበስ ብላ መዳፏን ጎማው ላይ ታደርጋለች፤ የውጭ ጠርዙ ተበልቷል፣ ፍሬን ሳትለቂ መሪ ትጠመዝዣለሽ ማለት ነው ትላታለች። ጎማው ሲግል ንፋስ ትቀንስላታለች። ከሰዓት በኋላ ጩኸቱ እየቀነሰ ሄደ። ማታ ሲዶኒ ልትወጣ ስትል ጊስሌን በሩ ላይ ቆማ አስቆመቻት፤ ጎማው ሲበርድ እንዳይጎድል የቀነሰችውን ንፋስ መልሳ ሞላችላት። ይህን ለማንም ሰው ታደርጋለች። እንዲያውም በዚህ ክፍል ውስጥ ያ የንፋስ ቧንቧ መንገድ ዘግቶበት ያልተበሳጨ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያን ማታ ቁልቁለቱ ላይ ከበረዶ ጋር የተቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ሊሾ የገጠሙት ከመንገድ ወጥተው ቆሙ። እዚያ ታች ያለችው ቢራ ቤት በሾፌር ሞላች። አንዱ ቦይ ውስጥ ገባ፤ እግዜር ይመስገን እግሩን ብቻ ነው የተሰበረው። ሲዶኒ ግን ለራት ደረሰች። ሁሉም ቀደመኝ ብላ እያማረረች ገባች፣ ካፖርቷን ወንበር ላይ ወረወረች፣ ተቀመጥን፣ በላን።

ጊስሌን፣ ያን ማታ ምን እንደበላን አላስታውስም። ብዙ ጊዜ ላስታውስ ሞክሬ አቅቶኛል። ሾርባ ይሁን ስጋ፣ ምን ተጫወትን፣ ማን ሳህን አጠበ፣ አላውቅም። እንደ ሌላው ማታ የሆነ ማታ ነበር። የማመሰግንሽ ለሱ ነው። ሰው ለደረሰለት ነገር ያመሰግናል፤ ሳይደርስበት ለቀረው የሚያመሰግን የለም፣ ምክንያቱም አያውቀውም። በዚህ አገር ራታቸውን በልተው የረሱ ብዙ ቤተሰቦች አሉ፤ ስምሽን አያውቁም። እኔ ስለማውቀው፣ በእነሱም ስም እግዜር ይስጥልኝ።

ወደ ፈተናችን እንመለስ። እኔና ሬማክል ሳምንቱን ሙሉ ተጣላን። እሱ፣ አንዴ ብቻ ነው የምትገባው፣ ምርጡ ይገባታል ብሎ ለስላሳውን አወጣ። እኔ መካከለኛውን ያዝኩ። እሱ ሽማግሌ አለኝ፣ እኔ ጡጦ ጠቢ አልኩት። ትናንት ጎማዎቹን ቫኗ አጠገብ ደርድረን ስንጨቃጨቅ፣ ሬማክል ድንገት «ኡርቤን፣ ግን በምን ትመለሳለች?» አለኝ። እኔ ሳልሆን እሱ ነው ያለው፤ ይመዝገብለት። ያኔ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ቫኗ ላይ ያለውን ጎማ አየን። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሁልጊዜ እንደምታደርገው የበረዶ ጎማዋን ገጥማዋለች። ጥርሱ ሙሉ ነው። ለዙልማ ደወልን፤ ልብሷን አላሰጣችም፣ ነገም አላሰጣም አለች። የደረደርነውን ሁሉ ወደ መጋዘን መለስን።

መልሳችን ይኸው ነው፤ ምንም አልመረጥንም። ያለሽ ጎማ ይበቃሻል። በዚያች ቫን ኩርባ ላይ ይጮኻል፤ ይምከርሽ። ንፋሱን ለክተናል። ነገ ማታ ከትራኩ ስትወጪም ሬማክል ቧንቧውን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል፤ ብትበሳጪበትም አይለቅሽም።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ። ቢራም ያለው፣ አረቄያችንን ፔኬት የቀዳውም ያንሣ። አንቺ ግን አትቸኩዪ። ልክ ከሆንን አንሺ። ከተሳሳትን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተይው፣ እኔም የካፖርትሽን መስቀያ እንዳለ እተወዋለሁ።

ሬማክል፣ ቀና በል።

ዙልማ፣ እጇን አትጎትቺ፣ ራሷ ትወስን።

ይኸው። አነሣች። አያችሁ፣ አነሣች።

እንግዲህ ሂጂ፣ እህቴ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ነገ ዙሪያውን በሰላም ዙሪው፣ ትራክተር የማይቀድምሽ ብቸኛ መንገድ እሱ ነው። ለጊስሌን ጤና።

ጠጡ፣ ተጫወቱ፣ ድንቹን ጨርሱ። እኔ ግን አንዲት ብርጭቆ ብቻ ጠጥቼ እዚያ በሩ ላይ እቆማለሁ። ማንም የመኪና ቁልፉን ሳያወጣ በፊት እጠይቀዋለሁ፤ በምን ትመለሳለህ?

ከአሁኑ አስቡበት።