ኑረዲን ያላየው ቀይ

ከቡታጅራው ልጅ ከኑረዲን ጋር ወልቂጤ ላይ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንሠራለን። ኮድ የሚጽፍበትን ኤዲተር ቀይሬ አዲስ ጫንኩለት፤ ስህተቱን በቀይ፣ ትክክሉን በአረንጓዴ የሚያሳይ። ከዚያ ወዲህ ስህተት እያለፈው ሲያስቸግረኝ ሰነበተ። አንድ ቀን በደንበኛ ፊት «ይሄን ቀይ አታየውም እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት።

ደንበኛው ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወላሂ አላየውም። ቀይና አረንጓዴ ለእኔ አንድ ናቸው። ትእዛዝ የምጽፍበትን ተርሚናል በሰማያዊና በቢጫ ያደረግኩት ለዚያ ነው። እንዳትስቅብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ» አለኝ።

ይቅርታ ጠየቅኩትና ኤዲተሩ የራሱን ቀለም ትቶ የተርሚናሉን እንዲጠቀም አስተካከልኩለት። ኑረዲን ጥቂት አነበበና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ ስህተት አለ፤ የጻፍከው ደግሞ አንተ ነህ» አለኝ።